«ለትምህርት ነው»

በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ በሰሜን ሸዋ አንድ ገጠር ቀበሌ፣ ከአንድ አዛውንት ደጃፍ በተነጠፈ አጎዛ ላይ ተቀምጬ የሁለት ሰዎችን ቃል ከወዲያ ወዲህ አመላልስ ነበር። በአንዱ ወገን ያለችው በአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቷን የምትከታተል ኬንያዊት ናት፤ ከመኪና መንገድ ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የመጣች። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ በአካባቢው «ደም አድራቂ» የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በሁለት ቤተሰቦች መካከል ደም ሲፈስ ካሳ አስቆርጠው፣ ሁለቱንም አስምለው፣ ቂም የሚሽሩ ሰው ነበሩ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ ተርጓሚ ነበርኩ፤ አበሌንም የምትከፍለኝ ተማሪዋ ከራሷ ድጎማ ቆርሳ ነበር።

ከጥያቄዎቹ በፊት የፈቃድ ቅጽ መጣ። ዩኒቨርሲቲዋ ያዘጋጀላት ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው፤ የሚሰጡት ቃል ለምርምርና ለትምህርት ብቻ እንደሚውል በጠበቃ ቋንቋ ያትታል። ሁለቱን ገጽ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልዬ «ለትምህርት ነው» አልኳቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ገለባብጠው አዩትና፣ «ትምህርቷ ሲያልቅስ ነገሬ ወዴት ይሄዳል?» ሲሉ ጠየቁ።

ይህን ጥያቄ አልተረጎምኩትም። ዝናብ ሊመጣ ደመናው ተንጠልጥሏል፤ የመመለሻው መንገድ ረዥም ነው፤ ጥያቄውም ለጥናቱ የሚጠቅም አልመሰለኝም። «ዩኒቨርሲቲ ይቀመጣል፣ አባባ» ብዬ ራሴ መለስኩ። «እንግዲያው ደግ» አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ተናገሩ።

ስለዚያች ያልተተረጎመች ጥያቄ ሃያ ዓመት ሳስብ ኖርኩ ብል ውሸት ይሆናል። ለረዥም ጊዜ ጨርሶ ረስቻት ነበር፤ ያስታወሰኝን ነገር ወደ ኋላ እነግራለሁ። ለጊዜው ጥያቄዋን ሰፋ አድርገን እንያት። አንድ የዶክትሬት ጽሑፍ ካለቀ በኋላ የማን ነው? የጻፈው ተማሪ? ማዕረጉን የሰጠው ዩኒቨርሲቲ? ወጪውን የሸፈነው መንግሥት ወይም ረጂ ድርጅት? ወይስ አጎዛው ላይ ተቀምጦ ቃሉን የሰጠው ሰው? ዛሬ በብዙ አገሮች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች «የሁሉም ነው» የሚል መልስ ሰጥተው፣ የተማሪዎቻቸውን ጽሑፍ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ለማንኛውም አንባቢ መልቀቅን ደንብ አድርገውታል። መልሱ ያማረ ነው፤ እኔም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነኝ። ነገር ግን የሽማግሌውን ጥያቄ የሚመልስ አይመስለኝም።

በእኛ አካባቢ የዶክትሬት ጽሑፍ ኑሮ ለብዙ ዘመን የባሕታዊ ኑሮ ነበር። ይጻፋል፤ በፈታኞች ፊት ይሞገታል፤ በጠንካራ ልባስ ይጠረዛል፤ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ከዓለም ይለያል። ዕድል የቀናው መጽሐፍ ይሆናል። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1968 ለንደን ለሚገኘው የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ያቀረቡት ሥራ ከአራት ዓመት በኋላ በኦክስፎርድ ታትሞ፣ ስለ መካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ የሚጽፍ ሁሉ የሚነሣበት መጽሐፍ ሆኗል። መርዕድ ወልደ አረጋይ እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያው ትምህርት ቤት የጻፉት፣ ከ1508 እስከ 1708 ስለነበሩት የደቡብ ኢትዮጵያና የክርስቲያኑ መንግሥት ግንኙነቶች የሚያትተው ጥናት ግን በደራሲው ዕድሜ መጽሐፍ ሆኖ አልወጣም። ሆኖም በታሪክ ሰዎች የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ለአሠርት ዓመታት ሲጠቀስ ኖረ። ያነበቡት በአብዛኛው በፎቶ ኮፒ ነው። የፎቶ ኮፒው ፎቶ ኮፒ ሲነሣ ፊደሉ እየነጣ፣ የገጹ ዳር እየተቆረጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ሥራ ነው።

በሌላው አህጉር የተጻፈውም የራሱ መቃብር ነበረው። በአሜሪካ የሚጻፉት የዶክትሬት ጽሑፎች ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር በተባለች ከተማ ባለ ድርጅት በማይክሮፊልም እየተቀረጹ ይሸጡ ነበር። ዋጋውን በዶላር መክፈል የሚችል ያዝዛል፤ የማይችል ርእሱን አንብቦ ይቀራል። ነገሩን እስቲ ከገበሬው ወገን ሆናችሁ ተመልከቱት። አንድ ወጣት ወደ ወሎ ወይም ወደ ጎጃም ወርዶ ከአዛውንቶች አፍ የሰማውን ይጽፋል። የጻፈው ለንደን ወይም ሚሺጋን ይቀመጣል። የአዛውንቱ የልጅ ልጅ አያቱ ምን እንዳሉ ለማንበብ ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልገዋል። ጤፍ ተዋሰው ዱቄቱን ሲመልሱ ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ ይህ ግን ጤፉንም ዱቄቱንም ባሕር ማዶ ማስቀረት ነው።

ስለዚህ ጽሑፎችን ለሁሉም የመክፈት ሐሳብ ሲመጣ፣ ለእኛ ለዚህ አካባቢ ሰዎች የቴክኒክ ጉዳይ አልነበረም፤ የፍትሕ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በቡዳፔስት፣ በ2003 ደግሞ በበርሊን የወጡት መግለጫዎች የሳይንስ ጽሑፍ ያለ ክፍያ ይነበብ ዘንድ ጠየቁ። በዚያው ዘመን የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር የአህጉሩን የመመረቂያ ጽሑፎች በአንድ የመረጃ ቋት ለማሰባሰብ ሞክሯል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከጀማሪዎቹ አንዱ ነበር። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የአገሩን የዶክትሬት ጽሑፎች የሚያሰባስብ አገልግሎት በ2009 ከፈተ። ናይሮቢና ማከሬሬም የየራሳቸውን ዲጂታል ማከማቻ አቋቋሙ። በኢትዮጵያ የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 ባወጣው ፖሊሲ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ጭምር፣ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ደነገገ። ለንደን ተኝተው የኖሩት የቀድሞ ጽሑፎችም አንድ በአንድ እየተነሡ ኢንተርኔት ላይ ወጥተዋል። እኔ በተማሪነቴ ደብዛዛ ፎቶ ኮፒ ለማንበብ ወረፋ እጠብቅ የነበርኩ ሰው፣ ዛሬ ዋናውን ገጽ በስልኬ ስከፍተው የሚሰማኝን ስሜት ለወጣት አንባቢ ማስረዳት ይቸግረኛል።

እዚህ ላይ የሙያ ነገር ላንሣ። ይህን አሠራር በአማርኛ «ክፍት ተደራሽነት» ሲሉት እሰማለሁ። ቃሉን አልወደውም። «ተደራሽ» የሚለው ነገሩ ራሱ ተነሥቶ ወደ ሰው እንደሚሄድ ያስመስላል፤ «ክፍት» ደግሞ በእኛ ቋንቋ ሁለት ፊት አለው። ደጁ ለእንግዳ ክፍት የሆነ ቤት አለ፤ ባለቤቱ ረስቶት ሌሊቱን ክፍት ያደረ ቤትም አለ። የሕግ ሰዎቻችን ስለ ዕፅዋትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት በ1998 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቁጥር 482 ላይ ለዚሁ ሐሳብ «አርክቦት» የሚል ቃል ቀርጸዋል። ሲጀምሩት አፍ ላይ ይከብዳል፤ ነገር ግን ሥሩ «ረከበ» ነው። ከአንድ ቤት የወጡት ወንድሞቹም መረከብ፣ ማስረከብና ርክክብ ናቸው። ርክክብ ሲባል ደግሞ የሚሰጥና የሚቀበል ሰው አለ፤ ቆጠራ አለ፤ ምስክር አለ። ሳስበው የጎደለን ይህ ነው።

ወደ ተማሪው ልመለስ፤ ስለ ክፍትነት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነውና። ከመጽሐፍ ትርጉም የሚገኘው ገቢ ቤት ስለማያቆም፣ ማታ ማታ የዶክትሬት ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አርማለሁ። አብዛኞቹ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ የሆኑ ሰዎች ናቸው። አንዱ ጽሑፉን ምዕራፍ በምዕራፍ እየቆረጠ ይልክልኝ ነበር፤ የሁሉንም ዋጋ ባንድ ጊዜ መክፈል ስለማይችል ደመወዝ ሲወጣ አንድ ምዕራፍ ይመጣል። ሌላው ለመስክ ሥራው የባለቤቱን የአንገት ወርቅ ማስያዙን የነገረኝ እንደ ቀልድ አድርጎ ነው። አማካሪው ለወራት አይገኝም፤ የመኪናና የነዳጅ ወጪ በበጀት የለም፤ መጠይቁን ወደ አካባቢው ቋንቋ የሚመልስለት ሰው የሚከፈለው ከኪሱ ነው፤ በመጨረሻም ማሳተሚያና መጠረዣው በራሱ ነው። እንዲህ ላለው ሰው በምረቃው ዋዜማ «ጽሑፍህ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ፋይሉን አምጣ» ሲባል ቢያመነታ፣ ስስታም ነው ለማለት አፌ አይደፍርም።

የሚያመነታው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው «ይሰርቁኛል» የሚል ነው። ይህን ፍርሃት ባዝንለትም አልቀበለውም። ሌባ የሚመቸው ጨለማ ነው። መደርደሪያ ላይ የተቀበረ ጽሑፍ ሲገለበጥ የሚያውቅ የለም፤ በአደባባይ ያለው ግን ቀኑና የጸሐፊው ስም ስላለበት ምስክሩ ራሱ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ይከብዳል፤ «አሳታሚ እምቢ ይለኛል» የሚለው ነው። የአሜሪካ የታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መግለጫ፣ ወጣት የታሪክ ምሁራን ጽሑፋቸውን ወደ መጽሐፍ እስኪለውጡ እስከ ስድስት ዓመት በዝግ እንዲቆይላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ይፍቀዱ ብሏል። ጀርመኖች በተቃራኒው ጽሑፉ በይፋ ካልወጣ «ዶክተር» ተብሎ መጠራትን አይፈቅዱም። የስዊድኖቹ ልማድ ይበልጥ ይማርከኛል። ተማሪው ከመሟገቱ ሦስት ሳምንት ያህል በፊት ጽሑፉን በዩኒቨርሲቲው ሰሌዳ ላይ በሚስማር ይመታዋል፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ አንብቦ በሙግቱ ዕለት መጥቶ እንዲጠይቅ ነው። ዛሬ ዋናው ቅጂ በኢንተርኔት ቢወጣም ሚስማሩን አልተዉትም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፤ ሁለት ዓመት ይቆይ ቢባል አልከራከርም፤ ስድስት ዓመት ግን ቃል ሰጪው አዛውንት በሆነበት አገር ረዥም ነው። ስዊድን ከጠራኋት አይቀር ሌላም ነገር ልጨምር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት የስዊድን መንግሥት የምርምር ድጋፍ ሲያገኝ፣ ተማሪው ጊዜውን ለሁለት ከፍሎ ከፊሉን እዚያ፣ ከፊሉን አገሩ የሚያሳልፍበት «ሳንድዊች» የሚሉት ሥርዓት ነበር። የመስክ ወጪ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሚገኝ አማካሪ፣ ጽሞና ነበረው። ጽሑፉን በሚስማር ለመምታት የሚደፍር ተማሪ የሚወጣው ከእንዲህ ያለ ቤት ነው። ክፍት ይሁን የሚል ደንብ ለማውጣት አንድ ወረቀት ይበቃል፤ ድጋፉ ግን በጀት ይፈልጋል። ደንቡ ቀድሞ ድጋፉ የዘገየበት ዩኒቨርሲቲ ያልዘራበትን ለማጨድ ማጭድ እንደሳለ ሰው ነው።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት፤ ለኮርስ ሥራዋ ስለ ባህላዊ ዕርቅ ስትፈልግ የትውልድ ቀበሌዋን ስም በስልኳ ላይ ጻፈች። የወጣላት የኬንያዊቷ የዶክትሬት ጽሑፍ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪዎቹን ሥራ በጅምላ ወደ ኢንተርኔት ሲያወጣ አብሮ የወጣ። በምስጋናው ገጽ ላይ የእኔን ስም አገኘች፤ አፈላልጋ ስልኬን አገኘች። «ጋሼ፣ እኔ የእኚህ ሽማግሌ የልጅ ልጅ ነኝ» አለችኝ። እሳቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በታሪክና በማኅበራዊ ጥናት ጽሑፎች መጨረሻ ላይ ቃል የሰጡ ሰዎች ዝርዝር የሚወጣበት ልማድ አለ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ቃሉ የተሰጠበት ቀን። ይህ በመሠረቱ ክቡር ልማድ ነው። ያልተጻፈን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ምንጭን በስም መጥራት ማለት ገበሬውን ከመጻሕፍትና ከሰነዶች እኩል ማስቀመጥ ነው። የእኛዋ ተማሪም ይህን ክብር ሰጥታለች። ነገር ግን ከስሙ ጎን አንድ የዕርቅ ጉዳይ በሙሉ ተርኳል፤ የገዳይ ስም፣ የሟች ስም፣ የካሳው ልክ፣ ካሳውን ለማሟላት የተሸጠው በሬ ሳይቀር። በዚያ ዕርቅ ሁለቱ ወገኖች የማሉት መሐላ ግን ነገሩ ዳግመኛ በስም እንዳይነሣ ነበር። ልጆቻቸው ጎረቤት ሆነው አድገዋል፤ አንዳንዶቹም ምን እንደነበር አያውቁም።

«እስካሁን ያየው ያለ አይመስለኝም» አለች ወጣቷ። «ግን እኔ በአምስት ደቂቃ ያገኘሁትን ሌላው ለምን አያገኘውም?»

የሽማግሌው ጥያቄ የተመለሰችልኝ ያን ጊዜ ነው። «ዩኒቨርሲቲ ይቀመጣል» ያልኩት በ1997 ዓ.ም. ውሸት አልነበረም። ያን ጊዜ «ለትምህርት» ማለት ግድግዳና ጣሪያ ያለው ነገር ነበር፤ አንድ ጥራዝ በአንድ ባሕር ማዶ መደርደሪያ ላይ፣ በዓመት ሁለት ሰው የሚገልጠው። ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ያው ቃል ሌላ ቃል ሆነ። ትርጉሜ በእጄ ላይ እያለ ሳይሆን ከእጄ ከወጣ በኋላ ተሳሳተ፤ በሙያዬ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ጥያቄውን ለተማሪዋ ብተረጉምላት ኖሮ ግን ቢያንስ እሷ ታስብበት ነበር። አባቶች «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ ቃላቸውን እንደዚያ አክብደው ነው፤ ሽማግሌው የከፈሉኝ እምነትም በዚያው ሚዛን የተመዘነ ነበር።

የዶክትሬት ጽሑፍ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ የተጣመመ መሰለኝ። «የማን ነው» ስንል ንብረት እያሰብን ነው፤ ንብረት ደግሞ ወይ ይቆለፍበታል፣ ወይ ይሰጣል። እኛ ግን በመካከል ሌላ ቃል አለን፤ አደራ። ሰው እህሉን ጎረቤት ጎተራ ሲያስቀምጥ ለጎረቤቱ አልሰጠውም፤ ጎረቤቱም ባለቤት አልሆነም። አደራን በሁለት መንገድ ማጥፋት ይቻላል። አንዱ በልቶ መጨረስ ነው፤ «አደራ በላ» የሚለውን ስድብ ያተረፈው እሱ ነው። ሁለተኛው የጎተራውን አፍ ከፍቶ መሄድ ነው፤ ዶሮም ይልቀመው፣ ነቀዝም ይብላው፣ አላፊ አግዳሚም ይዘገነው። ለሁለተኛው ቋንቋችን የተለየ ስድብ አላበጀለትም፤ ምናልባት እስካሁን ብዙ አልገጠመንም ይሆናል። ለንደንና ሚሺጋን ቆልፈው ያስቀመጡት ዘመን የመጀመሪያው ነበር። ማንም ሳይጠይቅ፣ የአባሪውን ገጽ ማንም ሳያነብ፣ ሺህ ጥራዝ በጅምላ እያነሡ መልቀቅ ግን ወደ ሁለተኛው ይጠጋል።

በተለይ በእኛ አካባቢ። የትኛው ቀበሌ የማን ነበር፣ ማን ከየት መጥቶ ሰፈረ፣ በየትኛው ዓመት ማን ማንን አፈናቀለ የሚሉ ጥያቄዎች ሰው በሚያስገድሉበት አገር፣ ከሃያ ዓመት በፊት በቅን ልቦና የተሰጠ ቃል ዛሬ የክስ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የዶክትሬት ጽሑፍ እንደ ጋዜጣ በማግስቱ አይረሳም።

ይህን ብዬም ወደ መቆለፍ እንመለስ አልልም። የጤፍን ነገር አስታውሱ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ስምምነት ፈርሞ፣ በ2007 ከጤፍ ዱቄት ዝግጅት ጋር የተያያዘ የአውሮፓ የፈጠራ መብት አገኘ። ጉዳዩ ብዙ ካከራከረ በኋላ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 መጨረሻ የፈጠራ ብልሃት የለበትም ብሎ ውድቅ አደረገው። የፈጠራ መብት ሕግ የሚለው፣ አስቀድሞ በይፋ የታወቀን ነገር ማንም «እኔ ፈጠርኩት» ሊል እንደማይችል ነው። እንግዲህ ስለ እህላችንና ስለ መድኃኒት ዕፅዋታችን የተጻፈ ጥናት በአደባባይ መኖሩ ጋሻ ይሆናል፤ ማንም የማያውቀው ጥናት ግን አይመሰክርም። ሆኖም ያው ጥናት ዕፁ የት ተራራ ላይ እንደሚበቅልና የትኛዋ ባልቴት እንደምትቀምመው ካመለከተ፣ ጋሻው መንገድ መሪ ይሆናል። ዕውቀቱን መክፈትና ሰውየውን ማጋለጥ አንድ አይደሉም። ይህን ለይቶ የሚያይ ሰው በየቤተ መጻሕፍቱ መቀመጥ አለበት፤ ኮምፒዩተር ብቻውን አይለየውም።

ክፍት የተባለውም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. በኮምፒዩተር ጥቃት ሲመታ ያ የዶክትሬት ጽሑፎች አገልግሎት አብሮ ጠፍቶ ረዥም ጊዜ ቆየ። በትግራይ በጦርነቱ ዓመታት፣ በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለወራት ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ስለነዚያ አካባቢዎች የተጻፈውን ሁሉ ዓለም ሲያነብ የአካባቢው ሰው ብቻ ማንበብ አልቻለም። የቀድሞዋ ጥራዝ ቢያንስ መብራት አትጠይቅም ነበር።

ልጅቷ በስልክ የጠየቀችኝ ግን አንድ ነገር ብቻ አልነበረም። ወቀሳውን ጨርሳ ዝም አለችና፣ «ደግሞ ጋሼ… እንግሊዝኛው ይከብዳል። እናቴ አባቷ ምን እንዳሉ መስማት ትፈልጋለች። ይተረጉሙልናል?» አለችኝ።

ያላሰብኩት ይህን ነበር። እንዲነሣላቸው ብቻ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር፤ እነሱ የፈለጉት እንዲመለስላቸው ነው። ጽሑፉ በአራት አህጉር ለሚገኝ አንባቢ ክፍት ሆኖ፣ ከተነገረበት ጎጆ ግን በቋንቋ ተቆልፎ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሚጠይቁት ሁሉ በላይ አንድ ነገር ቢጠይቁ ደስ ይለኛል፤ ማንኛውም የዶክትሬት ጽሑፍ ጥናቱ በተደረገበት ሕዝብ ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ በሶማልኛም ይሁን በሲዳምኛ፣ አሥራ አምስት ገጽ የሚሆን ማጠቃለያ ይኑረው፤ የተርጓሚውንም ዋጋ ተማሪው ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ይክፈል። (ለራሴ እንጀራ መጋገሬን አንባቢ ይታገሠኝ።) ያ ማጠቃለያ ወደ ቀበሌው ሄዶ ቢነበብ፣ ሰዎቹ «ይህን አውጡ፣ ይህን ተዉ» የሚሉበት ጊዜ ይኖራል። ርክክብ ያልኩት እሱን ነው።

ለተማሪዋ ያን ዕለት ጻፍኩላት። አሁን በአገሯ መምህርት ናት። መልሷ በዚያው ሌሊት መጣ፤ ይቅርታ አልደረደረችም፣ የአባሪውን ገጾች ብቻ ቆጥራ ላከችልኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ፋይሉን አውርዶ፣ ስሞቹን በቁጥር ለውጦ መልሶ ለማውጣት አምስት ወር ወሰደበት። ቀድሞ የወረደውን ቅጂ የሚሰበስብ ማንም የለም። ገዳይና ሟች «ሀ» እና «ለ» ሆኑ፤ ሽማግሌው «ቃል ሰጪ 4» ሆኑ።

ለልጅቷ የተስተካከለውን ስልክላት ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። «የሌሎቹ ልክ ነው» አለች። «አያቴ ግን ለምን ቁጥር ሆኑ? ያስታረቁት እሳቸው፣ የተናገሩት እሳቸው።» የምመልሰው አጣሁ። ስማቸው ከተጻፈ የማን ደም እንደደረቀ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ካልተጻፈ ደግሞ የዕድሜ ልካቸው ጥበብ የአንዲት ተማሪ ማስረጃ ቁጥር አራት ሆኖ ይቀራል። «ከናታችሁና ከአጎቶቻችሁ ጋር ምከሩበት፤ የምትሉትን እጽፋለሁ» አልኳት።

ሁለት ምዕራፎች ተርጉሜ ሰጥቻቸዋለሁ። ቤት ውስጥ ለእናቷ ጮክ ተብሎ መነበቡን፣ እናቷም በሦስት ቦታ «እንዲህ አላሉም፤ እንዲህ ነው ያሉት» እያሉ ማረማቸውን ሰምቻለሁ፤ ሁለቱ ስሕተት የእኔ ነበር፣ የዚያን ጊዜው። ሦስተኛው ምዕራፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሽማግሌው በስም በሚጠሩበት ቦታ ሁሉ ክፍት መስመር ትቻለሁ። ቤተሰቡ ለፋሲካ ሲሰባሰብ ይወስናል ብላኝ ነበር፤ ፋሲካው አልፏል፣ እስካሁን አልደወለችም።